ሕፃናት ሃይማኖታቸውን ወደውና ዐውቀው እንዲያድጉ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እስራኤል ከግብፅ በሚወጡባት ሌሊት እግዚአብሔር በሙሴ አማካይነት የፋሲካን ሥርዐት በሠራላቸው ጊዜ፥ በጉ እንዴት እንደሚመረጥ፥ ደሙ በመቃኑና በጉበኑ እንዴት እንደሚቀባ፥ ሥጋውም ወገብን ታጥቆ በትርን ይዞ በችኰላ እንዴት እንደሚበላ ከነገራቸው በኋላ አንድ ነገር ጨመረላቸው። ይኸውም ወደ ፊት በተስፋይቱ ምድር የሚያድጉት ልጆቻቸው ይህን ሥርዐት ባዩ ጊዜ ትርጓሜው ምን እንደ ሆነ እንደሚጠይቋቸውና እነርሱም የዚያችን ሌሊት ነገር ሊያስረዷቸው እንደሚገባ ነው (ዘጸ. 12)። ከ40 ዘመን በኋላም ኢያሱ ሕዝቡን ዮርዳኖስን ባሻገረ ጊዜ ከወንዙ መካከል 12 ድንጋዮች አስወጥቶ በጌልገላ አቆማቸው። ድንጋዮቹ የቆሙት ለሕንጻ አልነበረም፥ ለድንበርም አልነበረም፤ በኋላ ዘመን የሚነሡት ልጆች አይተው ስለ ምንነታቸው አባቶቻቸውን እንዲጠይቁ ነበር እንጂ (ኢያ. 4)።

ክቡራን አባቶች፥ የተወደዳችሁ ምእመናንና ምእመናት፥ ይህን ነገር በጥቂቱ እንመርምረው። የሕፃንን ጠባይ የፈጠረ እግዚአብሔር ሕፃን በምን እንደሚማር ያውቃል። ሕፃን አስቀድሞ ያያል፤ ካየ በኋላ ይደነቃል፤ ከተደነቀ በኋላ ይጠይቃል፤ ለጥያቄው መልስ ባገኘ ጊዜም የሰማው ነገር በልቡ ይቀመጣል። ሳይጠይቅ የተነገረው ነገር ግን ብዙ ጊዜ በዐለት ላይ እንደ ወረደ ዝናብ ነው፤ ያርሰዋል እንጂ አይሰርገውም። ስለዚህ በዚያን ጊዜ ለአባቶች የተሰጠው ትእዛዝ ሁለት ነበረ፤ አንዱ ልጅ ሊጠይቅበት የሚችለውን ነገር በዐይኑ ፊት ማቆም ነው፤ ሁለተኛውም በጠየቀ ጊዜ ሳይሰለቹ መመለስ ነው።

ዛሬ በብዙ ቤት፥ በከተማም ሆነ በገጠር፥ ወላጆች ሲያዝኑ እንሰማለን። «ልጆቻችን ቤተ ክርስቲያን መሄድ ይሰለቻቸዋል፤ ጸሎት በሆነ ጊዜ ወደ ጓዳ ይሸሻሉ፤ ስለ ሃይማኖት ብንነግራቸው ጆሮ አይሰጡንም» ይላሉ። ኀዘናቸው እውነተኛ ነው። ነገር ግን ልጁን ከመውቀሳችን በፊት ልንጠይቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ይህ ልጅ የአምስት ወይም የስድስት ዓመት ልጅ በነበረ ጊዜ፥ ዐይኑ ያየውን ሁሉ ይጠይቅ በነበረ ጊዜ፥ ምን ተመለሰለት?

ከሁለቱ ትእዛዛት የመጀመሪያውን ቤተ ክርስቲያናችን ከማንም ይልቅ አሟልታ እንደ ፈጸመችው ሳይጠራጠሩ መናገር ይቻላል። ዓመቱን በሙሉ በልጅ ዐይን ፊት የምታቆመው ነገር አታጣም። በመስከረም ደመራውን ታስደምራለች፤ በጥር ታቦታቱን በጥላና በዝማሬ ወደ ወንዝ ታወርዳለች፤ በሆሳዕና ለሕፃኑ የዘንባባ ቀለበት በጣቱ፥ የዘንባባ መስቀል በግንባሩ ታደርግለታለች። በዕለተ ስቅለት ሕዝቡ ሁሉ ሲሰግድ ውሎ ወደ ማታ ካህኑ በወይራ ቅጠል ትከሻውን ጠብ ጠብ ሲያደርገው ሕፃኑ ያያል፤ በማግሥቱም ቅዳሜ ካህናቱ ቄጠማ ይዘው በየቤቱ ሲዞሩና አባቱ ከፍ ያለ ሹመት የተሰጠው ያህል ተደስቶ ያን ቄጠማ በራሱ ላይ ሲያስር ያያል። ይህን ሁሉ አይቶ የማይጠይቅ ልጅ ይኖራል ብሎ ማሰብ አይቻልም። እንዲያውም ሳይጠይቅ የቀረ ልጅ ካለ፥ አንድ ቀን ጠይቆ ዝም የተባለ ልጅ መሆን አለበት።

የቄጠማውን ነገር እንመልከት። መልሱ ረዥም ትምህርት የሚያስፈልገው አይደለም። «ልጄ፥ በኖኅ ዘመን ውኃ ምድርን ሁሉ በሸፈናት ጊዜ፥ የውኃውን መጉደል ያበሠረች ርግብ ናት፤ ለምለም ቅጠል በአፍዋ ይዛ ወደ መርከቡ ተመለሰች። ዛሬም ካህናቱ ጌታ ሞትን ድል ማድረጉን፥ የመከራው ውኃ መጉደሉን ሊነግሩን ይህን ለምለም ነገር ይዘው መጡ» ቢባል ይበቃል። ይህን የሰማ ልጅ በሚመጣው ዓመት ቄጠማ ባየ ቁጥር ርግቢቱን ያስባታል፤ ምናልባትም ለታናሽ እኅቱ እርሱ ራሱ ይነግራታል። ያልሰማው ግን ቄጠማውን ከራሱ ፈትቶ ይጥለዋል፤ ለእርሱ ሣር ነውና።

ከሁሉ ይልቅ ግን የሚያስደንቀው የቡሄ በዓል ነው። ነሐሴ 13 ቀን የምናከብረው የደብረ ታቦር በዓል በታላላቆቹ የጌታችን በዓላት መካከል የሚቈጠር ነው፤ ምሥጢሩም እጅግ ጥልቅ ነው። ጌታችን በተራራው ላይ መልኩ ተለውጦ ፊቱ እንደ ፀሐይ አበራ፤ ሙሴና ኤልያስ ከእርሱ ጋር ታዩ፤ የአብም ቃል ከደመና ተሰማ (ማቴ. 17)። እንዲህ ያለውን በዓል አባቶቻችን ለማን ሰጡት? ለእረኞችና ለሕፃናት ሰጡት። ጅራፍ እንዲያጮኹ ፈቀዱላቸው፤ ድምፁ ሐዋርያትን ያስደነገጠውን ከሰማይ የመጣውን ድምፅ እንዲያስታውስ ነው። ችቦ እንዲያበሩ ፈቀዱላቸው፤ የታቦር ብርሃን ምሳሌ ነው። ሙልሙልም እንዲሰጣቸው አደረጉ፤ በዚያች ምሽት ብርሃኑ ስለ በዛ እረኞቹ ቀኑ የመሸ ሳይመስላቸው በሜዳ በመቈየታቸው ወላጆቻቸው እንጀራ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ ብለው በትውፊት ያስተምራሉና። በብዙ አገርም የክርስትና አባትና የክርስትና እናት ለክርስትና ልጃቸው ሙልሙል ይሰጣሉ። እንግዲህ ነገረ መለኮትን በጅራፍና በዳቦ የሚያስተምር እንደዚህ ያለ ጥበብ ከወዴት ይገኛል? ዳሩ ግን ዛሬ በየበሩ ዱላ እየመቱ ከሚዘፍኑት ልጆች አንዱን ጠርታችሁ «ልጄ፥ ስለ ምን ነው የምትጨፍሩት?» ብትሉት ብዙ ጊዜ መልሱ ትከሻን መነቅነቅ ነው። ሳንቲም ሰጥተን እንሸኛቸዋለን። ሳንቲሙ ላይ አንድ ደቂቃ ብንጨምርበትስ?

ወደ ኋላ ተመልሰን ብናይ ለልጅ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ወላጅ ብቻ አልነበረም። ልጅ ነፍስ ሲያውቅ ለየኔታ ይሰጥ ነበር። በዚያም ሀ ሁን ቈጥሮ፥ አቡጊዳን ለይቶ፥ ፊደለ ሐዋርያን በመልእክተ ዮሐንስ ላይ እየጠቈመ አንብቦ፥ ወደ ወንጌለ ዮሐንስ ይሻገርና በመጨረሻ ዳዊት ይደግማል። ማታ ማታም የዘወትሩን ጸሎትና ውዳሴ ማርያምን በቃሉ ያጠናል። አንዳንድ ሰዎች ይህን ትምህርት «ልጆች ትርጕሙን የማያውቁትን ቃል ማሸምደድ ነው» ብለው ይነቅፉታል። ነቀፌታቸው ፈጽሞ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ዳዊትን በግእዝ እየወረደ አንዲቱን ቃል እንኳ መተርጐም የማይችል ልጅ ብዙ ነበረ። ነገር ግን ያ ቃል በልቡ ተቀምጦ ይቈያል፤ ካደገና መከራ ከደረሰበት በኋላ አንድ ሌሊት ትርጓሜው ይከፈትለታል። ባዶ ጎተራ ግን ቢከፈትም የሚወጣው የለም። ስለዚህ ቃሉን ማስጠናቱ ክፉ አልነበረም፤ ጕድለቱ በዚያው መቆሙ ነበር።

ከዚያም በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተጀመረው አዲሱ ትምህርት ቤት እየተስፋፋ ሄደ። እስከ 1966 ዓ.ም. ለውጥ ድረስ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የግብረ ገብ ትምህርት ይሰጥ ስለ ነበር በብዙ ስፍራ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ልጆችን በክፍል ውስጥ ያገኟቸው ነበር። ከለውጡ በኋላ ይህ በር ተዘጋ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ደነገገ። በአንድ አገር ልዩ ልዩ ሃይማኖት ያላቸው ልጆች በአንድ ወንበር የሚማሩ ስለ ሆነ በዚህ ማጕረምረም አይገባንም። ልናውቀው የሚገባው ግን ይህ ነው፤ ዛሬ ልጅ በሳምንት አምስት ቀን ከሚውልበት ቦታ ስለ ክርስቶስ የሚሰማው ነገር የለም። የየኔታም ወንበር በብዙ ሰፈር ታጥፎአል። እንግዲህ የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ቤትና ቤተ ክርስቲያን። ሰንበት ትምህርት ቤትም የቤተ ክርስቲያን ክንድ ናት።

ስለ ቤት ስንናገር የቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅን ምክር ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባም። ይህ ታላቅ አባት፥ በ407 ዓመተ ምሕረት በአውሮጳ አቈጣጠር በስደት ያረፈው የቍስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ፥ ስለ ልጆች አስተዳደግ አንድ ድርሳን ጽፎአል። እርሱ ራሱ መነኰሴ ስለ ነበር ልጅ አላሳደገም፤ ነገር ግን እናቱ አንቱሳ በሃያ ዓመቷ ገደማ ባሏ ሞቶባት ሳታገባ ብቻዋን ስላሳደገችው፥ በቤት የሚሰጥ ትምህርት ምን እንደሚሠራ ከራሱ ሕይወት ያውቀው ነበር። በዚያ ድርሳን የሕፃንን ነፍስ ገና በተሠራች ከተማ ይመስላታል፤ ዐይን፥ ጆሮ፥ አፍ፥ አፍንጫና መዳሰስ የከተማይቱ በሮች ናቸው፤ ወላጅም በየበሩ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚጠብቅ ንጉሥ ነው። ይህ ምሳሌ ዛሬ በአንድ እጅ የሚያዝ ስልክ ሁሉንም በሮች ባንድ ጊዜ በሚከፍትበት ዘመን እንደ ምን ያለ ከባድ ምሳሌ ሆነ!

ነገር ግን አፈ ወርቅ በር መዝጋትን ብቻ አላስተማረም፤ ምን እንደሚገባም አስተማረ እንጂ። ምክሩ እንዲህ ነው። ልጁ ከትምህርቱ ባረፈ ጊዜ፥ ማታ፥ አባቱ የቃየልንና የአቤልን ታሪክ ይንገረው። ከአንድ አባትና ከአንዲት እናት የተወለዱ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ ብሎ ይጀምር፤ ታላቁ አራሽ፥ ታናሹ እረኛ እንደ ነበረ፥ አንዱ ወደ እርሻው ሌላው ወደ መስኩ እንዴት ይወጣ እንደ ነበረ ለልጅ ጆሮ በሚጣፍጥ አኳኋን ይተርክለት። እናትም በአጠገቡ ተቀምጣ ትስማ፤ ታሪኩን ታድንቅ። አንድ ቀን ነግሮት አይተወው፤ ሌላ ማታ «እስኪ የእነዚያን የሁለቱን ወንድማማቾች ታሪክ አንተ ንገረኝ» ይበለው። ልጁ መናገር ሲጀምር ታሪኩ የእርሱ ገንዘብ ሆነ። ከዚህ በኋላ እጁን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይውሰደው፤ ይልቁንም ያ ታሪክ በሚነበብበት ቀን ይውሰደው። ያን ጊዜ ልጁ ሌሎች የማያውቁትን እርሱ ቀድሞ በማወቁ በደስታ ሲዘል ታየዋለህ ይላል።

ከዚህ የሚበልጥ ምክር በዘመናችን መጻሕፍት ይገኛል ብዬ አላምንም። የሕፃን መሰልቸት ምንጩ ምን እንደ ሆነ በዚህ ይታወቃልና። ሕፃን በቤተ ክርስቲያን የሚሰለቸው የማያውቀው ነገር ስለሚነበብ ነው፤ የሚያውቀው ስም በተጠራ ጊዜ ግን ቀና ይላል። ስለዚህ የእሑዱን ወንጌል ቅዳሜ ማታ በቤት በተረት መልክ የነገረ አባት የልጁን የቅዳሴ ሰዓት ግማሽ አሳጠረለት ማለት ነው። ይህንም ለማድረግ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። እናቶች ቡና ባፈሉ ጊዜ፥ ዕጣኑ እየጤሰ፥ ሁለተኛው እስኪደርስ ድረስ፥ ዮሴፍ በወንድሞቹ ጕድጓድ ውስጥ የተጣለበትን ታሪክ ጨርሶ ማውራት ይቻላል። በዚያች ሰዓት የጎረቤት ሐሜት ይወራ የለምን? ልጁም ያንን በሚገባ ይሰማ የለምን?

ወደ ቤተ ክርስቲያን የመጣን እንደ ሆነ ደግሞ ለአባቶች ካህናትና በቅጽሩ ለሚቆሙ ሽማግሎች በአክብሮት የምናቀርበው ነገር አለ። ሕፃን በቅዳሴ መካከል ድምፅ ባሰማ ጊዜ እናቲቱን በዐይን መገሠጽ፥ «ይህን ልጅ አውጪልን» ማለት በብዙ ደብር የተለመደ ነው። እናት አፍራ ትወጣለች፤ በሚመጣው እሑድ ልጁን ለጎረቤት ትታ ብቻዋን ትመጣለች፤ ከዚያም ልጁ በቤት መቅረትን ይለምዳል። በ15 ዓመቱ «ቤተ ክርስቲያን ለምን አትመጣም?» ብለን የምንወቅሰው ያን በሦስት ዓመቱ ያስወጣነውን ልጅ ነው። ደቀ መዛሙርት ሕፃናትን ያመጡትን ሰዎች በከለከሉ ጊዜ ጌታችን የተቈጣው በሕፃናቱ ላይ አልነበረም፤ በከልካዮቹ ላይ ነበር (ማር. 10)። በሀገራችንም ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ይባላል፤ በቅዳሴ ጊዜ ግን ንፍጡን ጠርገን፥ ዝም አሰኝተን፥ አዋቂ አድርገን ካልሆነ በቀር የምንወደው አይመስልም። እርግጥ ነው፥ ጸጥታ ለጸሎት ያስፈልጋል፤ የሚሯሯጥ ልጅንም እጁን ይዞ ወደ ደጀ ሰላም ማውጣትና ጥቂት አናፍሶ መመለስ ይገባል። መመለሱ ግን አይረሳ።

ሕፃን ደግሞ ዝም ብሎ እንዲቆም ከሚታዘዝ ይልቅ ሥራ ቢሰጠው ይወዳል። ጧፍ ይያዝ፤ መገበሪያ ያቀብል፤ ቅዳሴው ሲያልቅ ጸበል በሚጠጣበት ጊዜ ለአረጋውያን ጽዋ ያድርስ። እግዚኦታው 41 ጊዜ በሚባልበት ሰዓት ጣቱን እያጠፈ እንዲቈጥር አስተምሩት፤ ቍጥሩን እንዳይስት ሲጠነቀቅ ልቡ ከጸሎቱ ጋር ይሆናል። ካህኑ ባዘዘ ጊዜ ሕዝቡ የሚመልሰውን አጭር ተሰጥዎ ትርጕሙን ነግራችሁ በየሳምንቱ አንድ አንድ አስጠኑት። በዓመት ውስጥ ቅዳሴው ለእርሱ የማያውቀው ጩኸት መሆኑ ቀርቶ ተራው እስኪደርስ የሚጠብቅበት ነገር ይሆናል። በፍልሰታ 15 ቀን ሕፃናት ነጭ ለብሰው በሰልፍ ሲቈርቡ ያየ ሰው፥ ልጅ የራሱ ስፍራ በተሰጠው ቦታ እንዴት እንደሚቆም ያውቃል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን በዚህ ላይ ሌላ ጭንቀት አለባቸው። በአሜሪካም ሆነ በአውሮጳ የተወለደ ልጅ አማርኛው ተሰባብሮ፥ ግእዙም ከቶ ሳይሰማው ያድጋል። አንዳንድ ወላጆች «አስቀድሞ ቋንቋውን ይወቅ፥ ከዚያ ሃይማኖቱን ይማራል» ይላሉ። ቋንቋውን ማስተማራቸው መልካም ነው፤ ሊመሰገኑበትም ይገባል። ነገር ግን ሃይማኖት ቋንቋን በደጅ ቆሞ ይጠብቅ ማለት አደጋ ነው፤ ቋንቋው እስኪመጣ ልጁ ይሄዳልና። ተስዓቱ ቅዱሳን ከሮምና ከሶርያ ወደ አክሱም በመጡ ጊዜ አባቶቻችንን «በመጀመሪያ ጽርእና ሱርስት ተማሩ» አላሏቸውም። እነርሱ ራሳቸው ግእዝን ተምረው መጻሕፍትን ተረጐሙልን እንጂ። የእነርሱ ልጆች የሆንን እኛ ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ ወንጌልን ብንነግረው ምን እናጐድላለን? ከዚያ በኋላ የታሪኩ ፍቅር ራሱ ወደ ቋንቋው ይስበዋል።

አሁን ደግሞ ስለ አርጩሜ ጥቂት እንናገር፤ ይህ ነገር በሽፍንፍን የሚታለፍ አይደለምና። መጽሐፈ ምሳሌ ተግሣጽን እንደሚያዝዝ፥ ዲድስቅልያም ወላጆች ልጆቻቸውን የእግዚአብሔርን ቃልና የእጅ ሥራን እንዲያስተምሩ እንደሚያዝዝ ሁላችን እናውቃለን። ተግሣጽ የሌለው ፍቅር ልጅን ያበላሻል። ነገር ግን ሐዋርያው ጳውሎስ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ በግልጥ ከልክሎአል (ኤፌ. 6)። አፈ ወርቅም በዚያው ድርሳኑ ልጅ ዱላን ሁልጊዜ ይፍራው እንጂ ሁልጊዜ አይቅመሰው ይላል፤ በትር የተለመደ እንደ ሆነ ይናቃልና።

የሊቁን የማኅሌታይ ቅዱስ ያሬድን ታሪክ አስቡት። በሕፃንነቱ ለመምህሩ ለአባ ጌዴዎን ተሰጠ፤ ትምህርቱ አልገባ ብሎት ተገረፈ፤ ግርፋቱም በበዛበት ጊዜ ተማርሮ ኮበለለ። በጉዞው ላይ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ዛፉን ሊወጣ ሲሞክር፥ እየወደቀ እየተነሣ በመጨረሻ ሲወጣ አየ። ከዚያ ተመልሶ መጣ፤ ዛሬ የምንዘምረውን ዜማ ሁሉ ያገኘነው ከእርሱ ነው። እንግዲህ ያሬድን ማን መለሰው? ዱላው አባረረው፤ ትሏ መለሰችው። ባየው ነገር ተደነቀ፤ ከተደነቀው ነገር ለራሱ ትርጓሜ አገኘ። ይህን ታሪክ በየዓመቱ እንሰብከዋለን፤ ትጋትንም እናስተምርበታለን፤ ነገር ግን ስለ መምህራን የሚናገረውን ክፍል ብዙ ጊዜ ሳናነሣው እናልፋለን።

በዱላ ከሚያስፈራሩት ሌላ በሲኦል የሚያስፈራሩም አሉ። ልጅ ወተት ቢያፈስ «እግዚአብሔር ያቃጥልሃል» ይሉታል። የአምስት ዓመት ልጅ እግዚአብሔርን በመጀመሪያ ያወቀው በወተት ምክንያት የሚያቃጥል አድርጎ ከሆነ፥ በ20 ዓመቱ ከእርሱ ቢሸሽ ምን ይደንቃል? አፈ ወርቅ ጥፋት ውኃንና የሰዶምን ታሪክ ልጅ በስምንትና በዐሥር ዓመቱ፥ ከዚያም በታች ሊሰማው እንደሚችል ይናገራል፤ የገሃነምን ነገር ግን እስከ 15 ዓመት ያቈየዋል፤ ለለጋ ልብ ሸክሙ እንዳይከብድ ብሎ ነው። ጾምም እንዲሁ ነው። ሕፃኑ በአንድ ጊዜ ሙሉ ጾም እንዲሸከም ከማስገደድ፥ ዛሬ እስከ ሦስት ሰዓት፥ በሚመጣው ዓመት እስከ ስድስት ሰዓት እያሉ ማስለመድ ይሻላል፤ የጾመበትንም ቀን እንደ ትልቅ ሰው በማዕድ አጠገብ አስቀምጦ ማክበር ይገባል።

ሐና ልጇን ሳሙኤልን ለቤተ መቅደስ ከሰጠችው በኋላ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ ሰፍታ ትወስድለት ነበር (1ኛ ሳሙ. 2)። ያምናውን አትወስድለትም፤ ልጁ አድጎአልና በየዓመቱ አዲስ ትለካለች። ለአምስት ዓመት ልጅ «እግዚአብሔር በሰማይ ነው» ማለት ሊበቃ ይችላል፤ ለዐሥራ ሦስት ዓመቱ ልጅ ግን ይህ ልብስ ይጠበዋል። «በሁሉ ስፍራ ካለ ስለ ምን ወደ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን? መምህራችን ስለ ዓለም አፈጣጠር የነገረንና በቅዳሴ የሰማሁት እንዴት ይስማማሉ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ክሕደት አይደለም፤ ማደግ ነው። ያን ጊዜ «አትመራመር» ብለን የሕፃንነቱን ቀሚስ በግድ ብናለብሰው ወይ ልብሱ ይቀደዳል፥ ወይ ልጁ አውልቆ ይጥለዋል። ጌታችን ራሱ በ12 ዓመቱ በመቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማና ሲጠይቅ ተገኝቶአል (ሉቃ. 2)፤ ከመምህራኑም አንዱ እንኳ እንደ ከለከለው አልተጻፈም።

ከጥያቄዎቹም ሁሉ የሚከብድ አንድ አለ። ታናሽ እኅቱ የሞተችበት ልጅ፥ ቤተ ሰቡ ሁሉ ጸበል ሲያጠምቅ፥ ሲሳልና ሲጸልይ ከርሞ ሲያበቃ ከሞተችበት በኋላ፥ «እኛ ጸልየን አልነበረምን? እግዚአብሔር አልሰማንምን?» ብሎ ቢጠይቅ ምን እንላለን? በዚህች ሰዓት ሃይማኖቱ በገደል አፋፍ ላይ ናት። ብዙ ሰው ደንግጦ «እንዲህ አይባልም» ይላል። ሌላውም ልጁን ለማጽናናት ሲል «ጥሩ ልጅ ስለ ነበረች ወሰዳት» ይለዋል፤ ልጁም ጥሩ መሆንን ይፈራል። እውነተኛው መልስ አጭር ነው። ሰምቶናል፤ ስለ ምን እንደ ወሰዳት ግን እኔም አላውቅም፤ ጌታችንም በወዳጁ በአልዓዛር ሞት አልቅሶአል (ዮሐ. 11)፤ እንግዲህ ያለቀሰ ጌታ ነው ያለን፤ መቃብሩንም የከፈተ እርሱ ነው ብሎ ከልጁ ጋር ማልቀስ ነው። ሕፃን የማያውቅ አዋቂን ይታገሣል፤ የሚዋሽ አዋቂን ግን ውሎ አድሮ ያውቅበታል።

ወላጅ በቃሉ የሚያስተምረውና በኑሮው የሚያሳየው ሲለያይም እንዲሁ ያውቅበታል። ቅዱስ ጳውሎስ የጢሞቴዎስን ሃይማኖት ባስታወሰ ጊዜ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ አስቀድሞ የነበረች መሆኗን ጻፈ (2ኛ ጢሞ. 1)። ትምህርታቸውን አላስቀደመም፤ በእነርሱ ዘንድ ያለችውን እምነት አስቀደመ። በር ሲንኳኳ «የለም በለው» እየተባለ የሚላክ ልጅ፥ ያ ቃል በማታው ጸሎት ላይ ውኃ ሲያፈስበት ይኖራል። በዚህ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ሁላችን እናውቀዋለን።

የካህኑ ዔሊ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ልጆቹን ባለ መገሠጹ ስለ ሆነ፥ መልካም ያደረገበትን ሌሊት እንረሳዋለን። ሕፃኑ ሳሙኤል ድምፅ ሰምቶ ሦስት ጊዜ እየሮጠ ከመኝታው ቀሰቀሰው። ዔሊ ዐይኑ የፈዘዘ ሽማግሌ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ከእንቅልፍ መነሣት ለሽማግሌ ምን ያህል እንደሚከብድ የታወቀ ነው። ሆኖም አልተቈጣውም፤ «ልጄ» ብሎ መለሰው። በሦስተኛውም ጊዜ የሚጠራው እግዚአብሔር እንደ ሆነ አስተውሎ፥ ዳግመኛ ቢጠራው ምን ብሎ እንደሚመልስ አስተማረው (1ኛ ሳሙ. 3)። ድምፁ የመጣው ለሕፃኑ ነው፤ ለድምፁ የሚሰጠውን መልስ የሚያውቀው ግን ሽማግሌው ነው። ዔሊ በመጀመሪያው ጊዜ ጮኾበት ቢሆን ኖሮ ሳሙኤል በሁለተኛው ጊዜ ከአልጋው አይነሣም ነበር።

ስለዚህ በመጨረሻ ለንስሐ አባቶች አንድ ነገር እንለምናለን። አባ ወደ ንስሐ ልጆቻቸው ቤት በገቡ ጊዜ ልጆቹ መስቀል ተሳልመው ወዲያው «ውጡ፥ ተጫወቱ» ይባላሉ፤ ጨዋታው የአዋቂዎች ይሆናል። አባቶቻችን ሆይ፥ አታስወጡአቸው። በአጠገባችሁ አስቀምጧቸው፤ የክርስትና ስማቸውን ጠይቋቸው፤ የዚያን ቅዱስ ገድል በአጭሩ ንገሯቸው፤ በአንገታቸው ስላለው ማዕተብ፥ በ40 ወይም በ80 ቀናቸው ስለ ተደረገላቸው ነገር አጫውቷቸው። ከዚያም «ልጄ፥ በቤተ ክርስቲያን አይተህ ያልገባህ ነገር ምንድር ነው?» በሏቸው። ምናልባት የጠየቁት ነገር ለጊዜው መልሱ የማይገኝለት ይሆናል። እንዲህ ያለ ጊዜ «መጽሐፍ አይቼ፥ ከሊቃውንት ጠይቄ በሚመጣው ወር እነግርሃለሁ» ማለት ነውር የለበትም፤ ለክህነትም ክብር ነው። ነገር ግን በሚመጣው ወር አትቅሩ፤ ልጁ ቀኑን እየቈጠረ በበሩ ላይ ይጠብቃችኋልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።